ከዓይንጋዲ የመጣ ጠርሙስ

ሐሙስ ከሰዓት። ዓራድ። ሁለተኛ ፎቅ።
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፤ አንዱ መብራት አይጠፋ፣ አይደምቅ።
ኢታማር ከዓይንጋዲ ጠርሙስ ይዞ መጣ፣
ጫማው በጨው የነጣ፤
ውሃው ሮዝ ነው፣ ሥጋ የታጠበበት ዓይነት።
ሙት ብለው የሰየሙት! ሞልቶ ፈሶበት ሕይወት።

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በማጉያው ቁልቁል አየሁ፦
ጠፍጣፋ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ባለ አራት፣
በጥድፊያ የተቀደደ የወረቀት ብጥስጣሽ፣
አስኳል የሌላት ዕንቁላል፣ እልፍኝ የሌላት ቤት።
አስኳል ባክቴሪያም የለውም፤ እዚህ ላይ ነው የሳቱት፤
ቁመቷን ለክተው፣ መልኳን አይተው፣ ከባክቴሪያ ጎሳ ቆጠሯት፤
በር ላይ እንዳቆሟት
ስም አወጡላት።

እኔ ግን አጥሯን ልሞክር ብዬ ፔኒሲሊን ጠብ አደረግሁ።
የባክቴሪያን ግንብ የሚንድ መድኃኒት
ግንብ ከማያውቅ መንደር ወረደ፤
ዞረ፣ ዞረ፣ የሚንደው አጥቶ ሄደ።
እሷ የለበሰችው እንደ ሰፌድ የተሰፋ ፕሮቲን ነው፣
ከሰፌዱ ሥር ቅባት።
የባክቴሪያ ቅባት፣ የእኔም፣ የኢታማርም፣ ጭራው ቀጥ ያለ ክር ነው፤
የእሷ እንደ ግራር ቅርንጫፍ ያወጣል፣
ቋጠሮውም በእንዶድ፣ በሶዳ አይላላም።
መሠረቱ ላይ ያለው ግሊሰሮል ደግሞ
የእኛው ነው፣ በመስታወት የታየ፤
ቀኝ እጅ ከግራ ጓንት እንደተለያየ።

«ወደ ውስጥ ግቢ» ትላለች ዶክተር ኦፍራ፣
«ጽሑፏን የምትገለብጥበትን ማሽን እይ፣
ክሯን የምትጠመጥምበትን እንዝርት፤
ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።»
ታዲያ ከውጭ ያ፣ ከውስጥ ይህ፣ የማን ዘመድ ትባል?

በሰባት ዓመቴ ከአውሮፕላን ስወርድ አንድ ጸሐፊ
ቀና ሳይል «ስም?» አለኝ። «ትርንጎ።»
«ኤቲ» ብሎ ጻፈ። ጣቱ ላይ የሰሊጥ ፍርፋሪ ነበር።
ሌላውን ረሳሁት።

ኢታማር ልጅ ነው፤ አዘነላት። «ይህን ሁሉ ጨው!» አለ፣
ለአንዷ ጠብታ የተጣራ ውሃ ጨመረ።
ውስጧም ጨው ነው፤ ጨውን በጨው ነበር የምትመክተው።
ንጹሑ ውሃ ሰተት ብሎ ገባ፤ አበጠች፣ ተተረተረች፤
ጠብታው ጠራ። አንድም አልቀረች።
ለራስህ ብለህ ጣፍጥ የተባለው ጨው
ለካ ለሌላም ምሰሶ ነው።
ኢታማር እጁን ታጠበ፣ ደጋግሞ። ምንም አላልኩትም።

ጠርሙሱ ላይ በእሱ ጽሕፈት «ባክቴሪያ፣ ዓይንጋዲ» ይላል።
ሰረዝኩት። «አርኪያ» ልል ስጀምር
እስክሪብቶው ጨው ነክቶት ደረቀ፤ «አ» ብቻ ቀረች።
ለጊዜው ስም የላትም።
ሮዝ ውሃዋ ውስጥ ጭራዋን እያሽከረከረች
ትዋኛለች።