ብርድ ልብስ የለበሰ ድስት

መብራት ጠፋና ትራሜ ድልድዩ ላይ ቀጥ አለ፤
ደመናው በረዶ አርግዞ ከወንዙ በላይ ተንጠለጠለ።
"ውረዱ" አልኳቸው መንገደኞቼን፣ ቲኬታቸውን እንደያዙ፤
አንዷ "ገንዘቤስ?" አለች፤ ሌሎቹ ዝም ብለው ተጓዙ።
ቁልፌን ኪሴ ከትቼ እኔም ዳገቱን ያዝኩት፤
ትብሊሲ ጨለማ ውስጥ ናት፤ ሰፈሬን በጠረኑ ለየሁት፦
በጢስ፣ በተቃጠለ ጎማ፣ ደግሞም በሽንኩርት።

ያ ክረምት ጋዝ በቱቦ መምጣት የተወበት ነው፤
አንድ የላምባ ምድጃ ለአራት ቤት፣ በረንዳ ላይ በተራ የምናዞረው።
ለእኛ የደረሰን ማክሰኞና ዓርብ፣ አንዳንድ ሰዓት ብቻ፤
አደንጓሬ ደግሞ ግትር ነው፤ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል ለብቻ።

ሚስቴ ናዚብሮላ ግን እሳት አትለምንም።
"አደንጓሬ" ትላለች፣ "ሙቀት እንጂ ነበልባል አይደለም የሚወደው፤
እሳት መንገድ አስጀማሪ ነው፤ ቀሪውን ራሱ ነው የሚሄደው።"

ማታ ትነክረዋለች፤ ጠዋት ውሃውን ለአበባ ትደፋለች፤
ጨው እስከ መጨረሻው አታስነካውም፣ "ቆዳውን ያጠነክራል" ትላለች።
(ጎረቤታችን ጁጁና ከመጀመሪያው ነው የምትጨምረው፤
በጨው የተነሳ ሁለት ወር ተኮራርፈዋል፤ ሰላምታ እኔ ነኝ የማመላልሰው።)

ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲንተከተክ፣ እንደተከደነ ታወርደዋለች፤
በጋዜጣ ላይ ጋዜጣ፣ ከዚያም በእናቷ ሻል ትጠቀልለዋለች፤
አልጋችን መሃል አስተኝታ ትራስ ትጭንበታለች፤
"ክዳን የከፈተ የግማሽ ሰዓት ሙቀት ሰረቀ" ብላ።
ልጃችን ኤቴሪም ዘብ ትቀመጣለች፣ እግሯን ከድስቱ ጎን አስጠልላ።

ሌላም አላት።
ዳቦ በቤታችን "ደረቀ" አይባልም፤ "አረፈ" ነው የሚባለው፤
በእንፋሎት ላይ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሳ ነው የምትቀሰቅሰው።
የሽንኩርት ልጣጭ አይጣልም፤ ሾርባውን ወርቅ ያስመስላል፤
የተረፈው ለፋሲካ እንቁላል ማቅለሚያ ይቀመጣል።
ያለቀ የዘይት ጠርሙስ አላለቀም፤ ኮምጣጤ ጠብ አድርጋ ትንጠዋለች፤
"ይኸው የጎመን ማጣፈጫ" ብላ እንደ አዲስ ዕቃ ታቀርበዋለች።
እኔንም መጣል የነበረባት ጊዜ ነበር።
ለምን እንደምጠቅም አላውቅም፤ አልጣለችኝም።

ያን ማታ ደረስኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ክብሪቴ ረጥቧል፤
ጣቶቼ የኔ አልመስል ብለውኛል፤ ጫማዬ ውሃ ጠጥቷል።
ተኝታለች ብዬ ድምፅ ሳላሰማ አወላለቅሁ፤
ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ በጀርባዬ ተጠጋሁ።

እንዴት ያለ ሙቀት ነው! ዞሬ እቅፍ አደረግኋት፤
ስለ ድልድዩ፣ ስለ ትራሙ፣ ስላልተከፈለኝ ደሞዝ ነገርኳት፤
ጠዋት ላመለጠኝ ክፉ ቃልም ይቅርታ ጠየቅኋት።
ዝም። መልስ የለም። "ተቀይማለች" አልኩ በልቤ፤
ትከሻዋ እጀታ ነበረው፤ ልብ አላልኩም በረሃቤ።

በሩ ተከፈተ። ሻማ በአንድ እጇ፣ በሌላው ጭብጥ ጨው ይዛ
ናዚብሮላ ገባች፣ ኤቴሪን ከኋላዋ አስከትላ፤
ጨው አልቆብን ኖሯል፤ ሁለት ወር ያልረገጠችውን ደጅ
ልትረግጥ ወጥታ ነበር፣ ኩራቷን ደጃፍ ጥላ።

አየችን። ሻማው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤
"ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል፤ ክዳኑን እንዳትነካ" አለች።
"ሁሉንም ነግሬዋለሁ" አልኳት።
"እሱማ ሰምቶህ ይሆናል" አለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፤
"እኔ ጨው ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ከመጀመሪያው ጀምርና አምጣ።"

ድስቱን መሃል አድርገን ደግሜ ነገርኳት፤ ኤቴሪ እንቅልፍ ወሰዳት።
ሻሉ ሲፈታ እንፋሎቱ የሻማውን ብርሃን አደበዘዘው፤
አደንጓሬው በምላስ ይፈርሳል፤ ጨዉን ያኔ ነሰነሰችው።
ጁጁና ያን ሁሉ ጊዜ ጆሮዋን ለግድግዳው ሰጥታ ኖሮ
"አሁን ገና!" ብላ ጮኸች፣ "ያኔ ቢገባ ኖሮ!"