«አለ» ያለ ሽቦ

በረዶው ቀለጠ፣ ሣሩ ቀና አለ፤
ሃርላን ብሩጌማን ከደጄ ላይ ዋለ፣
የሚነዳት ማጨጃ ፒክአፑ ላይ ጭኖ፣
ከሆስፒታል የወጣ፣ እንደ ዘንግ ቀጥኖ።

«ሩዲ» አለኝ፣ «ይቺ ማሽን ረሳችኝ መሰለኝ፤
ከላይዋ ተቀምጬ ‹የለህም› ትለኛለች፤
ጉብታ ባገኘች ቁጥር ጭጭ ብላ ትቆማለች።»

አውቃታለሁ። ከወንበሩ ሥር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣
በስፕሪንግ የተደገፈች ማጥፊያ አለች፤
ዕድሜዋን ሙሉ አንዲት ነገር ብቻ ትጠይቃለች፦
ሰው አለ?
ክብደትህ ይመልሳል። ዝም ካለ፣
ከተነሳህ፣ ከወደቅህ፣ ከተንሸራተትህ፣
ሞተሩን ታንቃለች፣ ስለቱ ሳያገኝህ።

ሃርላን ግን በሽታው አርባ ፓውንድ ወስዶበት
ለአንዲት «አለሁ» እንኳ ክብደት ጎደለበት።

«አዲስ ማጥፊያ ላዝዝልህ» አልኩ፣ «አሥራ አንድ ዶላር፣ አሥር ቀን።»
«አሥር ቀን? የመቃብሩ ሣር ጉልበቴን ሊያልፍ ነው፤
የሙታን መታሰቢያ ደርሷል፣ ቨርናም እዚያው ናት፤
በሽቦ አያይዛትና ሄጄ ልጨድላት።»

እምቢ ማለት አላውቅም። ደግነት እለው ነበር።
ቀይ ሽቦ ቆረጥኩ፣ የትንሽ ጣቴን ግማሽ፣
ጫፎቹን ላጥኩ፣ ወዲህና ወዲያ ሰካሁ።
ባዶው ወንበር ላይ ማንም ሳይቀመጥ
ማሽኗ ጠየቀች፦ ሰው አለ?
ሽቦው «አለ» አለ።
ሁለታችንም ሳቅን።
በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቀይ ሥር አንድ ብልቃጥ ሰጠኝ፤
ሂሳብ አልተጻፈም።

ማጥፊያዋ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣች።
ላስቲኳ ሳይቀደድ፣ ስሙ ተጽፎባት፣
መደርደሪያ ላይ ሰኔን አሳለፈች፤
እኔ አልደወልኩለት፣ እርሱም አልጠየቃት።
የሚሠራ ነገር ማን ይነካል?

ሐምሌ። ማለዳ። ጤዛ ያረገዘ ሣር፣
ከሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ያለው ዳገት።
ከቨርና ድንጋይ ሥር የወደቀ የላስቲክ አበባ
ሊያነሳ ጎንበስ አለ፣ ከወንበሩ ግማሹን ተነስቶ፤
ጎማው ከዳው።
እርሱ ወዲህ ወደቀ፣ ማሽኗ ወዲያ ዞረች፤
ባዶዋን፣ ቁልቁል፣ ተመልሳ መጣች።
ሰው አለ? አለ።
ሰው አለ? አለ።
እውነትም ነበረ፤
ከላይዋ ግን አልነበረም።

ማርሊስ ቮይት ከመንገድ ማዶ ሮጣ ስትደርስ
ማሽኗ አጥሩን ተደግፋ አንድ ቦታ ታጭድ ነበር፣
አፈሩ እስኪታይ።
ቁልፉን ያዞረችው እርሷ ናት፤
እግሩን በሹራቧ ያሰረችውም እርሷ።

ቅጠል ሲቀላ ሃርላን በምርኩዝ መጣ፤
የግራ ጫማው ጫፍ በጨርቅ የታጨቀ።
አልተቆጣኝም። «የለመንኩህ እኔ ነኝ» አለ፤
እንዲህ የከበደ ይቅርታ ተሸክሜ አላውቅም።
ከዚያ ዐይኑን በመደርደሪያው ላይ እያንከራተተ፣
«ያቺ ያዘዝካት ዕቃ… አለች?»

«የለችም» ማለት ይቻል ነበር።
አጭር ቃል ናት፣ የትንሽ ጣት ግማሽ።

«አለች» አልኩት። «ከሰኔ ጀምሮ አለች።»

አሥራ አንድ ዶላር ቆጥሮ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።
ሽቦውን ነቀልኩ፣ እርሷን ገጠምኩ፤
ስፕሪንጓ ለስላሳ ነው፣ ቀላል ሰው ትሰማለች።
ሃርላን ቀስ ብሎ ወጥቶ ተቀመጠ።
ቁልፉን አዞርኩ።
ጠየቀችው።
ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን።