የጎደለው አራት ኪሎ

መብራት ጠፋ ማታ፤ ማንም አልተነሣም ከክፍል ሊወጣ፤
ጋሽ ዓለምሸት ከኮታቸው ኪስ ሁለት ፍሬ አወጡ፣
ከፒያሳ ቁልቁል በእግራቸው ሲመጡ
ከጉሊት የገዙት፣ ብርቱካንና ሎሚ።
እኔ በስልኬ ባትሪ ግድግዳውን አበራሁ።

ብርቱካኗ ዞረች። ጥላዋ
ክብ ነበረ፣ ክብ ሆነ፣ ክብ ቀረ።
"እውነት ዞረች?" አሉን፣ "ማን መሰከረ?
ዙሪያው አንድ ለሆነ፣ ፊትና ጀርባ ለሌለው
መዞርም መቀመጥ ነው።"

ቀጥሎ ሎሚው።
ጥላው ጠበበ፣ ሰፋ፣
ጫፉ ባለፈ ቁጥር የትርሲት ፊት ጠፋ።
"የሾለ ነው ሲዞር የሚታይ፤ ኤርቢየምም
ልቡ ሞላላ ባይሆን ደረጃ ባልኖረውም።"

ደረጃውን ጻፍን፦ ስድስት፣ ሃያ፣ አርባ ሁለት፣
ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እርከኑ የሚረዝምበት።
(የዚህ ሕንፃ እንኳ እኩል ነው፣
ሊፍት ለከዳው ሰው።)

የመጀመሪያው እርከን ሰማንያ ነጥብ ስድስት፤
ሁለተኛው በደንቡ ሁለት መቶ ስልሳ ዘጠኝ ሊሆን ይገባል፣
መዝገቡ ግን ስልሳ አምስት ይላል።
ደመርኩ። ሰረዝኩ። እንደገና ደመርኩ።
"ጋሼ! አራት ኪሎ ጎደለ!"
ኤሌክትሮን ቮልቱን በችኮላ ዋጥኩት፣
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
"ታዲያ አሁን የት ነው የተቀመጥነው?" አለ አንዱ ከኋላ።

እሳቸው አልሳቁም። ሎሚውን በሁለት ጣት ጫን አሉት፣
"ስሕተት ነው ብላችሁ እንዳታጠፉት።
የዞረ ይለጠጣል፤
ለተለጠጠ ደግሞ፣ ለዚያው ዙር፣ ያነሰ ጉልበት ይበቃዋል።
ድንጋይ መሰላችሁ? ይተነፍሳል እኮ፤
ቁመቱ ይረዝማል፣ ያጥራል፣
ወገቡ ግራ ቀኝ ተጨፍልቆ ይመለሳል፣
በያንዳንዱም ትንፋሽ ላይ
ሌላ ደረጃ፣ ከታች ጀምሮ፣ እንደገና ይቆማል።"

በጨለማው ደረጃ እየዳበስን ወረድን።
ሎሚው የት እንደቀረ አላውቅም፤
ትርሲት ከፊቴ ስትሄድ ግን ይሸተኝ ነበር።

ታክሲዋ ጢም ብላለች። ወያላው "ጠጋ ጠጋ በሉ!" አለ፤
ማን ይጠጋል? ወዴት? ጉልበት ከጉልበት ተቆላልፎ።
አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ፣ አንድ እግራቸው ውጭ።
ከዚያ አደባባዩን መዞር ጀመርን፣
ሁላችንም ወደ ጎን ተገፋን፣
ቆርቆሮው አቃሰተ፣
ሲዞር ነው መሰል፣
ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተገኘ።