የሰባተኛው ቱቦ ሽማግሌ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቴርኑዘን ጉም ለብሳለች፤
ወንዟን ከሰማይዋ ለይታ ማሳየት ትታለች።
የማይታይ መርከብ ያገሳል፣ ድምፁ ብቻ ያልፋል፤
የፋብሪካው ነበልባል እርጥብ ጨርቅ እንደሸፈነው ፋኖስ ይደበዝዛል።
እኔ ከሰባተኛው ቱቦ ጎን ወንበር ስቤ ተቀምጫለሁ፤
አራት መቶ ሃያ ዲግሪ። እጽፋለሁ። እጠብቃለሁ።

ቱቦው ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ፣ እፍኝ የማይሞላ፣
የላንታነም ጨው፤ ሲያበላ እንጂ አይታይም ሲበላ።
ሽማግሌ አልኩት፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤
ዛሬ ማርትዬም «ሺማግሊ እንዴት አደረ?» ትላለች ገና ከበር።

ኢቴን ከታች ይገባል፤ ካርቦንና ካርቦን፣
እያንዳንዱ ባለ አራት እጅ፤
በአንዱ ተያይዘው፣ በሦስቱ ሃይድሮጅን ታቅፈው እንደ ልጅ።
አይጣሉም፣ አይቀራረቡም።
እጁ የሞላ ሰው ምን ያቅፋል?
ያኔ ክሎሪን ይመጣል፤ ቁጡ ነው፣ ሳንባ ይልጣል፣
ለብቻው ቢለቁት ያገኘውን ሁሉ ይነጥቃል።
ሽማግሌው በጉያው ሸሽጎ «ቀስ፣ ቀስ» ይለዋል፤
ከወዲህ አንድ፣ ከወዲያ አንድ፤ ከዚያ በላይ ይከለክለዋል።
ባዶ የቀረ እጅ ባዶ እጅ ያገኛል፤
ካርቦን ካርቦንን በሁለት እጁ ይጨብጣል።
ኢቲሊን ሆኑ። ከበሮ የለ፣ እልልታ የለ፤
መርፌው ብቻ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ከፍ አለ።

ክሎሪኑስ? ኦክስጅን ሃይድሮጅኑን ተረክቦ ውሃ ያደርገዋል፤
ክሎሪን እጁን አራግፎ ወደ ጉያው ይመለሳል።
ብድሩን እንዲህ የሚመልስ
ከጎረቤትም ከዘመድም አላየሁ።

ሊቨን ግን በዚህ ጨዋታ አይስቅም።
አገሩ ኢፕር ነው።
ከቅድመ አያቱ የድንች ማሳ ማዶ፣ በዚያ የጦርነት ሚያዝያ፣
አረንጓዴ ደመና ነፋስ ተከትሎ መጣ፤
ቦይ ውስጥ የነበሩ ወጣቶች በገዛ ሳንባቸው ሰጠሙ።
ዛሬም ማረሻ የሚያወጣው ብረት አላለቀም።
«ያው ጋዝ ነው» ይላል ሊቨን፣ ብሎኑን እያጠበቀ፣
«ያው። የያዘው እጅ ነው የተለወጠ።»

ስንማር «ካታሊስት ሥራውን ይሠራል፣ እሱ ግን አይለወጥም» ተባልን፤
ለፈተና ጻፍነው፣ ሙሉ ማርክ አገኘን።
የፊተኛውን ዱቄት፣ ሁለት ሺህ ሰዓት ካስታረቀ በኋላ፣ አውጥቼ አየሁት፤
ነጩ ግራጫ ሆኗል፣ ጥላሸት ወርሶታል፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።
የሁለት ወገን ነገር የሰማ ሽማግሌ፣
ቤቱ መች እንደወጣ ይገባል?

ዛሬ ሌሊትም መርፌው ወረደ።
ኢቴኑን ዘጋን፣ አየር ለቀቅን፤
ጥላሸቱ ከውስጥ ነደደ፣ ብርጭቆው ለአፍታ ቀላ፣
ጫፉ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ተንጠለጠለች፤
ሊቨን በአውራ ጣቱ ጠረጋት፣ ምንም ሳይል።

መዝገቡ ላይ «ሽማግሌው ደክሟል፣ አልሞተም» ብዬ ጻፍኩ።
ማርትዬ መጣች፤ ሰረዘችው፤
በምትኩ ቁጥር ጻፈች፦ ስልሳ አንድ ከመቶ።
ከዚያ እስክሪብቶዋን ከደነች፣
ወደ ቱቦው ጎንበስ አለች፣
«ሺማግሊ» አለች፣
በሹክሹክታ፣ ሰው የተኛበት ክፍል እንደገባች ሁሉ።