ሳል የሌለው ባቡር

ሠላሳ አንድ ዓመት በጀርባዬ ተኝቼ፣
ከናፍጣው ባቡር ሥር ጆሮዬን ሰጥቼ፣
ሳሉን ሳዳምጥ ነው ፀጉሬ የሸበተ፤
ከሳሉ ነበር የማውቀው ፒስተኑ እንደሞተ።
«ሐኪም ራምሱሜር» ይለኛል የቤልዋ ሰው ሲጠራኝ፣
በውድቅት ቀስቅሶ መፍቻ ሲያስይዘኝ።

ኋላ ምሰሶው መጣ።
ቢጫ ቆብ የደፉ ጎረምሶች መጡና
በሐዲዱ ግራ ቀኝ ጉድጓድ ማሱና
የጣቢያውን ማንጎ፣ ስንት መንገደኛ ያሳረፈ፣
በአንድ ከሰዓት በኋላ መጋዙ ቀጠፈ።
ሰማዩ እንደ ደብተር በሽቦ ተሰመረ፤
የእኛም ሙያ እዚያው ላይ ተሰረዘ፣ ቀረ።

ልብስ አጣቢዋ ፉልማቲ ግን እልል አለች።
ነጩን አንሶላ ከሐዲዱ ዳር አስጥታ
ስንት ዘመን ረገመችኝ ጥላሸቴን አይታ!
«አንዴ ለደንበኛዬ፣ አንዴ ላንተ ጭስ
እያጠብኩ አረጀሁ፤ ጥቀርሻህን ውረስ!»
ዛሬ አንዴ ታጥባለች። አንሶላው እንደ ወተት።
ሙግት የለኝም፤ ነጭ ነው። ዐይኔ አይዋሽባት።

ጸሐፊው ትሪቤኒም ጣቱን እየቆጠረ፦
«ናፍጣ በዶላር ነው፣ ባሕር እየተሻገረ።
ይሄኛው ጨዋ ነው፤ ቁልቁለት ሲያገኝ
የተበደረውን ይመልሳል።
አንተ መቼ ነው መቶ ሩፒዬን የምትሰጠኝ?»
ሣቅን። እውነቱን ነው።

በሙቀቱ ወር፣ ሌሊት፣ ማዕበል ሽቦ በጠሰ፤
ዐሥራ አንድ ባቡር ሜዳ ላይ ቀረ፣
የሕፃን ለቅሶ እኛ ድረስ ደረሰ።
ማራገቢያ የለ። ብርሃን የለ።
በሬ ተንኳኳ፦ «ሐኪም፣ አሮጌው በሽተኛህ ይነሳል?»
ይነሳል፣ አልኩ።
እየሳለ፣ እየተፋ፣ እያጉረመረመ፣
አንድ በአንድ ጎተታቸው፤
ሲነጋ እንደ ሽማግሌ ቁና ቁና ተንፍሶ ቆመ።

ኮራሁ። ኩራቴ ግን ሳምንት አልሞላም።
የእህቴ ልጅ ጂትን ከዳንባድ ደወለ፤
ከሰል ነው የሚቆፍር፣ ለዚሁ ሽቦ የሚነድ።
«አጎቴ፣ ደህና ነህ?» ብሎ ሳይጨርስ ሳለ።
ስልኩን እንደ ብረት ደረት ከጆሮዬ አጣብቄ
ሰማሁት። ጭሱ አልሞተም፤
ቤት ቀይሮ ነው። አወቅሁት፣ ከሩቅ፣ ጠንቅቄ።

ዛሬ አዲሱ ባቡር ቤልዋ ሲቆም ከጎኑ ተጠጋሁ፤
እንደ ንብ እምም ይላል፣ ሕመም የለውም።
ፉልማቲ ማዶ አንሶላዋን ታጥፋለች።
የጂትን ሳል ግን ፒስተን አይደለም፤
ከመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ
ለሱ የሚሆን ቁጥር የለኝም።