ደረጃው ስንት ነው?

ዓርብ ነው፤ ጋሊላ ሸለቆ፤ ገና ሰማዩ ሳይነድ፣
ከገደሉ ግርጌ ቆመናል፣ በዓይን ልንወጣ፣ በዓይን ልንወርድ።

«ደረጃው ስንት ነው?» አልኩት ታማንግን፣ የሕንፃችንን ዘበኛ፣
ኔፓል ተወልዶ፣ ራስ አል-ኸይማ የበር ቁልፍ እስረኛ።
ሳቀ። ወረቀቱ «ሁለት» ይላል፤
ወረቀቱን የጻፈው ሰው ግን ረጅም እግር ይኖረዋል።

እኔ ደረጃ አውቃለሁ፤ ስድስት ቀን የምወለውለው፣
አርባ ሁለት እብነ በረድ፣ ሌላ ሰው የሚረግጠው።
ይሄ ተራራ ደረጃ የለውም፤
ደረጃ ግን አለው።

«ከሥሩ ሆነሽ አትፍረጂ፤ ገደል ለቀረበው ያጥራል»
ብሎ ወደ ኋላ ጎተተኝ፤ እውነትም፣ ርቀን ስናየው አድጓል።
በጣቱ አየር ላይ ጻፈልኝ፦ ያቺ ጥቁር ስንጥቅ እጅ ታስገባለች፤
ከበላይዋ ያለችው ቢጫ ድንጋይ ውሸታም ናት፣ ትነቀላለች።

የፍየል በጠጥ አይቼ፣ «እሷ ያለፈችው አያቅተኝም»
ብለው፣ «ፍየሏ እኮ» አለኝ፣ «በየወሩ ብር አትልክም።»

ውሃ? ለነፍስ ወከፍ ሦስት ሊትር። ጥላው? እስከ አራት ሰዓት።
«መውጣቱ ሁለት ቢሆን፣ መውረዱን አራት በዪው፤
ፊት አይሰጥም ቁልቁለት።»

እኔ አንድ ጨመርኩበት፣ እሱ ያልቆጠረውን፦
የእመቤቴን በር፣ ማታ ሁለት ሰዓት የሚዘጋውን።

አምስት ሆነብን። ዝም አልን።
ጫማዬን አሰርኩ፣ ፈታሁ፤ ዳግም አሰርኩና ተነሣሁ፤
እስከ ጥቁሯ ስንጥቅ ብቻ፣ እስከዚያች ብቻ ወጣሁ።
እጄን ከተትኩ። ትቀዘቅዛለች።
ማንም ወልውሏት አያውቅም።
ይሄ ወረቀቱ ላይ የለም።