የአትጠገብ አደስ

አትጠገብ ስትሄድ የተወችልኝ ቅርስ፣
አንዲት ትንሽ ልጅና ከካቡ ሥር አንድ አደስ።
ልጅቱ አራት ዓመቷ፣ ጠጉሯ እንደ ሐረግ፣
አደሱ ሦስት ዓመቱ፣ ገና ጉልበቴ ጥግ።

ከጎርጎራ ነበር ቅርንጫፉን ያመጣችው፣
በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ያስተኛችው።
አውቶቡሱ ሲንጠን፣ ሰው በሰው ሲደራረብ፣
«ቀስ በሉ፣ ሕፃን አለ» ትላለች አትጠገብ።
ሕፃኗ ግን በኔ ጭን ተኝታለች በሰላም፤
ቅርንጫፉን ነበር። እኔም አላጋለጥኳትም።

እኔ የአዘዞ ሰው፣ የጋራዥ መካኒክ፣
እጄ የሚያውቀው የብሎን፣ የጎማ ልክ፤
ናፍታ የጠገበ፣ ግራሶ የዋጠው፣
የቅጠልን ጠባይ ማን መቼ አስጨበጠው?

በመጀመሪያው ዓመት ማታ ማታ በባልዲ፣ የጠማው መስሎኝ፣
በውሃ ልገድለው ጥቂት ነው የቀረኝ።
ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ አፈሩ ሸተተኝ።
እትዬ ደብሬ ናት በአጥር በላይ ያየችኝ፤
«አንተ ሰው» አለችኝ «ሐዘን አታጠጣ፣
ከሥሩ ጠጠር አርግ፣ ውሃው ቶሎ ይውጣ።
እግሩ እየረጠበ ማን በጤና ያድራል?
ትንሽ የጠማው አደስ አብልጦ ይሸታል።»

ጠጠር ከደማዛ በከረጢት አመጣሁ፣
ሥሩን እንደ ሞተር ፈትቼ አወጣሁ፣
አጥቤ፣ አራግፌ፣ መልሼ ገጠምኩት፤
ይነሣ አይነሣ፣ በአንድ ዓይን ጠበቅኩት።

ተነሣ።

ማስተዋል አንድ ሰኞ ከትምህርት ቤት መጣች፣
ቦርሳዋን ወርውራ ፊቷን ለግድግዳ ሰጠች።
«ምን ሆነሽ?» ዝም። «ማን ነካሽ?» ዝም አለች።
ቆይታ፣ ቆይታ፣
«‹ጠጉርሽ መኪና ይሸታል› አሉኝ፣ አባ» አለች።

ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ ጠጉሯን የማበጥር፤
እጄን በኦሞ ባሽ፣ በአሸዋም ብፈትግ፣
ናፍታ ቤት ሠርቷል ከየጥፍሬ ሥር።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ጎህ ሳይቀድ ወጣሁና፣
ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣
እፍኝ ቅጠል ቀጠፍኩ፣ ከጫፍ ከጫፍ ለጋውን፤
(ተሳስቼ ነበር፤ መልቀም ነበረብኝ ጠና ያለውን።)
ሙቀጫው የሷ ነው፣ ከንፈሩ ተሸርፏል፤
ስወቅጥ አንድ ነገር በአፍንጫዬ ገብቶ ደረቴን ቆፍሯል፦
ትራሱ፣ አንገቷ፣
ጠጉሯን ፈትታ ስትተኛ፣ ቅዳሜ ማታ።
ዘነዘናውን ይዤ ቆምኩ።
ዶሮ ሁለቴ ጮኸ።

ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁት ቅቤ ነበረኝ፣ ለጋ፣
ከተወቀጠው ጋር በቀዝቃዛ ውሃ ለወስኩት እስኪረጋ።
አረንጓዴ ሆነ።
ግራሶ አውቃለሁ እኔ፣ ቅባት ምን እንደሚሠራ፣
ብረትና ብረት ተፋጭቶ እንዳይጣራ፤
ይሄኛው ግን ምኑን ከምኑ እንደሚያስታርቅ
ማንዋል የለው፣ ሰው በምን ይወቅ?

ሹሩባዋ ተጣመመ፤ አንዱ መስመር ወደ ጆሮ፣
ሌላው ወደ ማጅራት፣ ልክ እንደ ሊማሊሞ ዞሮ።
የቅጠል ስባሪም ቀርቶ ነበር ከግንባሯ በላይ፤
ሄደች ግን አንገቷን ቀና አርጋ፣ ጠጉሯን ለሰው ልታሳይ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ክረምት። አደሱ ትከሻዬን አለፈ፣
ነጭ አበባ አወጣ፣ ጥቁር ፍሬ አረገፈ።
ጎረቤት ይለምነኛል፣ ለአራስ፣ ለሙሽራ፤
እቆርጣለሁ፣ ዙሪያውን፣ ከየጎኑ በተራ፣
አንዱ ጎን እንዳይራቆት።
ማስተዋልም ለጓደኛዋ ዘንግ ቆርጣ ጣሳ ላይ ተክላለች፣
ያችው ናት፣ ያን ሰኞ «መኪና መኪና» ያለች።

አደስ ይሉታል ስሙን፤ ማን ማንን እንዳደሰ
ቆጥሬ አላውቅም እኔ፤ ብቻ ቤቴ አልፈረሰ።

ትናንት አንድ የአይሱዙ ሹፌር፣ ኮፈኑን ከፍቼ ጎንበስ ስል፣
አፍንጫውን አስጠጋ፤ «ይሄ ምን ዘይት ነው? የት ይገኛል?»
«ለሞተር አይሆንም» አልኩት።
«አሥራ ሰባት ቁልፍ አቀብለኝ።»